ሻርጃና ዱባይ ላላችሁ፦ ቀበጥባጣ ልጅ ካላችሁ ይህችን የባህሪ ሕክምና ባለሙያ ልጠቁማችሁ

ሰላም እህቶች። ሻርጃ ውስጥ ሕንዶች ቤት በሞግዚትነት ስሠራ 4ኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምይዘው ልጅ 8 ዓመቱ ነው፤ እሳት የላሰ። ጫማህን አምጣ ብዬ ስልከው መንገድ ላይ ይረሳውና መጋረጃ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘዋለሁ። (የምጽፈው ማዳሜን አስፈቅጄ ነው።)

አባትየው ይጮህበታል፣ አንዳንዴም ይመታዋል። ዳዲ፣ የአባቱ እናት፣ ወዲያው ጣፋጭ አጉርሰው ያባብሉታል፤ «አባቱም እንዲሁ ሸራርቲ ነበር» ይላሉ፣ ረባሽ ማለታቸው ነው። ማዳሜ ማታ ማታ ታለቅሳለች። ሐኪም ይየው ሲባል ዳዲ «ሎግ ክያ ካሄንጌ?» አሉ። ትርጉሙን ስሰማ ሳቄ አመለጠኝ፤ «ሰው ምን ይላል?» ነው ለካ። የኛ ሰፈር መሰለኝ።

ሐኪሙ ዝም ብሎ ስም አልለጠፈበትም። ምልክቱ ከ12 ዓመት በፊት መጀመሩን፣ ቢያንስ 6 ወር መቆየቱን፣ ቤትም ትምህርት ቤትም መታየቱን አጣርቶ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና ከልክ በላይ የመቅበጥበጥ ችግር) ነው አለና ወደ ባህሪ ሕክምና ባለሙያዋ ላከን።

ላመሰግናት የፈለግሁት እሷን ነው። በመጀመሪያው ቀን ውጭ ቦርሳ ይዤ ቁጭ ብያለሁ። በሩን ከፍታ «ከልጁ ጋር የምትውለው ማናት? እሷም ትግባ» አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ልጁ እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ችግሩን አስተዳደግም ጣፋጭም እንደማያመጣው፣ ብዙውን ጊዜ በዘር እንደሚወረስ ነገረችን። አባትየው መሬት መሬት ሲያይ ዳዲ ቀና ብለው አዩት። ግን ጩኸትና ዱላ ያባብሰዋል አለች፤ ደግሞ አንዱ እየመታ ሌላው እያባበለ ልጁ የማንን ሕግ ይያዝ?

ለአራታችንም አንድ ሕግ ሰጠችን። ከማዘዝ በፊት ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ማየት። አንድ ነገር ብቻ ማዘዝ፤ «ተነሥ፣ ታጠብ፣ ቦርሳህን ያዝ» ብሎ መደርደር የለም። ሲታዘዝ እዚያው ማመስገን፣ ያውም የሠራውን ጠርቶ፦ «ጫማህን በአንድ ቃል አመጣህልኝ፣ ጎበዝ!» የቤት ሥራውን በ10 በ10 ደቂቃ ከፋፍለን በየመሀሉ ይዘላል። እኔ ራሴ ሦስት ነገር ባንዴ የማዝ ነበርኩ፤ ያንን ለመተው ወር ፈጀብኝ።

ልጁ ዛሬም ይዘላል፣ አልዋሻችሁም። ጫማው ግን ይመጣል። አባትየው ከመታው ወራት አለፉ።

ዋጋዋ ወደድ ይላል፣ ቀጠሮዋም ይርቃል። ሂንዲና እንግሊዝኛ ትናገራለች፤ እኔ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ተግባብቻታለሁ። አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሞግዚት የሆናችሁ ደግሞ ማዳማችሁን አብሬ ልግባ በሏት፤ ባለሙያዋ አታስወጣችሁም።