የአየር መለኪያ ከሰል በሚነድበት ቤት፦ የሚያየውና የማያየው

በዘንባባዎቹ ሥር እየተራመደ የጣናን ነፋስ የሚቀበል ሰው «የባሕር ዳር አየር እንከን አይወጣለትም» ቢል አይፈረድበትም። ከሰዓት በኋላ፣ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ሐይቁ ዳር ከሆነ እውነቱን ነው፤ መለኪያዬም ይመሰክርለታል፣ የብናኙን መጠን ከ10 በታች የሚያነብባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ከሰል በሚያያዝበት ሰዓት፣ በሩ በተዘጋ ሳሎን ውስጥ ያው መለኪያ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። የምጽፈው ስለዚያ መለኪያ ነው፤ ምን እንደጠቀመን፣ የት ላይ ደግሞ ልታምኑት እንደማይገባ።

መሣሪያው ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም። ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ነው ይዞልኝ የመጣው፤ ዋጋው ከ150 ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል። ያስመጣሁት ለእማዬ ብዬ ነው። አስም አለባት፤ ፓፏ፣ ሲያፍናት የምትስበው መድኃኒቷ፣ ከነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሮ ነው የሚውለው። ማታ ማታ ሲያፍናት «ብርዱ ነው፣ የሐይቁ ብርድ» ትላለች። እኔ ደግሞ ጭሱን እጠረጥር ነበር። ሽምብጥ የምንኖርበት ግቢ ውስጥ አራት ቤተሰብ አለ። ሁሉም ከሰል ያነዳል፤ መብራት ሲጠፋ የኤሌክትሪክ ምድጃ ያለውም ወደ ከሰሉ ይመለሳል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ትንሽ ማራገቢያ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፣ የሌዘር ጨረር ብናኙን ይመታል፣ ሴንሰሩ የሚበተነውን ብርሃን አይቶ የብናኙን መጠን ይገምታል። ዋናው ቁጥር ፒኤም 2.5 የሚባለው ነው፤ ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሰ፣ እስከ ሳንባ ጥግ የሚዘልቅ ደቃቅ ብናኝ። ከእሱ ሌላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሙቀትና እርጥበት ይለካል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የፒኤም 2.5 የ24 ሰዓት አማካይ ከ15 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ፣ የዓመቱ ደግሞ ከ5 እንዳይበልጥ ይመክራል። የእኔ መለኪያ ግን ሲመጣ እስከ 35 ድረስ አረንጓዴ ያበራ ነበር፤ የቻይና የአየር ጥራት ደረጃ አረንጓዴ ይሰጥ የነበረው እስከዚያ ስለነበረ ነው። እማዬ የምታየው ቀለሙን ብቻ ስለሆነ በአፑ ገብቼ ወሰኑን ወደ 15 አወረድኩት። ይህን ማስተካከል የማይፈቅድ መለኪያ አትግዙ።

ሳሎናችን ማለዳ መስኮቱ ተከፍቶ ሲለካ ከ15 ብዙም አይርቅም። ሽንኩርት ሲቁላላ ይነሣል። ቡና በብረት ምጣድ ሲቆላ ከ200 ያልፋል። እኔን ያስደነቀኝ ግን እጣኑ ነው። የቡናው ጭስ በር ከተከፈተ ቶሎ ይወጣል፤ እጣኑ ግን አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳም ቁጥሩን ከፍ እንዳደረገው ይቆያል። አከራያችን ጠላ ሊጠምቁ ጋኑን በወይራ ሲያጥኑ ደግሞ ስክሪኑ 999 ላይ ቆመ፤ ከዚያ በላይ አያሳይም። ያ በጓሮ፣ በገላጣ ቦታ ነው። እትዬ ከዚያ ጭስ ላይ ጎንበስ ብለው ስንት ዓመት እንደኖሩ ሳስበው ሆዴ ተላወሰ።

«ለቡና ጭስ ይህን ያህል መጨነቅ ምንድን ነው?» የሚለኝ ሰው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ምግብ በሚበስልበት ጭስ የተበከለ የቤት ውስጥ አየር እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ያለ ዕድሜው እንደቀጠፈ ይገምታል። ከእነዚያ ውስጥ አብዛኞቹ እንደ እኛ ባሉ ቤቶች የሚኖሩ ነበሩ፣ ሸክሙም የሚከብደው እንደ እናቶቻችን ባሉ ሴቶችና በጀርባቸው ባዘሏቸው ሕፃናት ላይ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ለእማዬና ለእኔ ክርክር ግን መልሱን የሰጠን የምሽቱ ቁጥር ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት አራቱም ቤት እራት ያበስላል። አንዱ በጭራሮ፣ አንዱ በወረቀት፣ ፌስታል የሚለኩስም አይጠፋም። ቀን ከሐይቁ ወደ ከተማው የሚነፍሰው ነፋስ በዚያ ሰዓት ይሞታል፤ ጭሱ የሚሄድበት አጥቶ ከቆርቆሮው ሥር ይተኛል። እኛ ምንም ሳናያይዝ፣ ከመስኮቱ በሚገባው ብቻ ሳሎናችን ከ100 በላይ ይሆናል። እማዬ ፓፏን ከነጠላዋ የምትፈታው በአብዛኛው እነዚያን ማታዎች ነው። ብርዱም የራሱ ድርሻ አይጠፋውም፤ ግን አሁን በ10 ሰዓት መስኮቱን በሰፊው እንከፍታለን፣ ጎረቤት ሊያያይዝ ሲል እንዘጋለን፣ ግቢው ጸጥ ሲል እንደገና እንከፍታለን። በዚህ ብቻ ማታዋ ቀሏታል።

ስለ እጣኑ ግን ተሟግተናል። «እንግዲህ እጣኑንም ልተው ነው?» አለችኝ ፊቷ ጠቁሮ። አልተወችም። ቡናው በረንዳ ላይ ይቆላል፤ እጣኑም እዚያው ማጨሻው ላይ ጥቂት ጣል ይደረጋል። ቄጤማውን ጎዝጉዘን እዚያው እንቀመጣለን። በእኔ በኩል የበረንዳው ቡና ከሳሎኑ ይበልጥብኛል።

ከመጠቀማችሁ በፊት መስተካከል ያለበት ሌላው ነገር ከፍታው ነው፤ ይህን ብዙ ገዢ የሚያውቀው አይመስለኝም። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሴንሰር የሚያየው በውስጡ የገባውን ጋዝ ብዛት ስለሆነ፣ አየሩ በሳሳበት ቦታ አሳንሶ ያነባል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ አራት አምስተኛ ያህል ነው። መለኪያው ከካርቶኑ እንደወጣ ሐይቁ ዳር 350 ፒፒኤም (በሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ያለው የጋዙ መጠን) ገደማ አነበበ። ዛሬ ንጹሕ የሚባለው የውጭ አየር በዓለም ዙሪያ ከ420 በላይ ስለሆነ ይህ ቁጥር ሊሆን አይችልም። በአፑ ውስጥ ከፍታውን 1,800 ብዬ ስሞላ ወደ 430 መጣ። ደብረ ታቦር ያላችሁ ከእኛ በብዙ ከፍ ስለምትሉ ስሕተቱ ለእናንተ የባሰ ነው።

ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላ መኝታ ቤታችንን ለካሁ። እኔና እህቴ በምንተኛበት ክፍል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲነጋ ከ2,000 ያልፍ ነበር፤ ክፍሉ አየር አልታደሰለትም ማለት ነው። መስኮት የማንከፍተው በወባ ትንኝ ምክንያት ነበር፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ እዚህ ከተማ መስኮት ከፍቶ መተኛት ምን እንደሆነ ነዋሪው ያውቀዋል። መስኮቱ ላይ ወንፊት አስመታን። አሁን ገርበብ አድርገን ከአጎበር ሥር እንተኛለን፤ ጠዋት የሚያሳየው ከ800 ብዙም አያልፍም። ራሴን እያመመኝ መነሣቱም ቀርቷል።

ድክመቶቹን ባጭሩ ልናገር። ሳያቋርጥ እንዲለካ ካደረጋችሁት ባትሪው ሙሉ ቀን አይደርስም፤ በየአሥር ደቂቃው ብታደርጉት ይቆያል። አፑ አካውንት ካልተከፈተ ያለፈውን ቀን መዝገብ አያሳይም፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም፣ ደስም አይለኝም። ነሐሴ ላይ ከሐይቁ ጭጋግ ሲነሣ የውኃውን ጠብታ እንደ ብናኝ ስለሚቆጥረው፣ እርጥበቱ ከ90 በመቶ ሲያልፍ ቁጥሩን አላምነውም። በተቃራኒው በየካቲትና በመጋቢት ባጃጆች ከውስጥ ለውስጥ መንገዱ የሚያስነሡት አቧራ ጠረጴዛውን ሲያለብሰው መለኪያው እምብዛም አይንቀሳቀስም። እንዲህ ያሉ ርካሽ የሌዘር ሴንሰሮች ሸካራውን አቧራ አሳንሰው ነው የሚቆጥሩት፤ ጎበዝነታቸው ጭስ ላይ ነው።

ጭስ ላይ ጎበዝ መሆኑ ግን አንድ አደጋ አለው፤ ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው።

ከሰል ሲያያዝ ይጨሳል፤ መለኪያው ይጮኻል፣ ቁጥሩ 400 እና 500 ይደርሳል። ቀጥሎ ከሰሉ ፍም ይሆናል፣ ጭሱ ይጠፋል፣ «በደንብ ተያይዟል፣ አስገቡት» ይባልና ምድጃው ቤት ይገባል። መለኪያውም ብዙ ሳይቆይ አረንጓዴ ይሆናል። ፍሙ ግን ያን ጊዜ ካርቦን ሞኖክሳይድ እያመነጨ ነው። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አያስለቅስም። ጋዝ እንጂ ብናኝ ስላልሆነ ሌዘሩ አያየውም። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን፣ ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዘዋል። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ይከዳል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ይህንንም ሳያውቅ ያልፋል። «ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከፍ ሲል አያስታውቅም ወይ?» የሚል ይኖራል። ከፍ ይላል፤ ግን ከሰዎች ትንፋሽ የመጣውን ከፍሙ ከመጣው አይለይም፣ ስለ ሞኖክሳይዱም የሚናገረው ነገር የለም።

መለኪያው በመጣ ሰሞን፣ በአንድ ብርዳማ የታኅሣሥ ማታ፣ እማዬ ምድጃውን ከአልጋዋ አጠገብ አስቀምጣ አገኘኋት። ወደ ስክሪኑ እየጠቆመች «ይኸው፣ ንጹሕ ነው ይላል» አለችኝ።

«እማዬ፣ እሱን አያውቀውም።»

«የማያውቀውን ታዲያ ለምን አረንጓዴ ይለዋል?»

ጥያቄዋ ልክ ነው። ከመሣሪያው ጋር በመጣው ወረቀት ላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደማይለካ የሚናገር አንድ መስመር አልነበረም። ከሰል በማይነድበት አገር ያለ ገዢ ላይጎዳ ይችላል። እዚህ ግን አረንጓዴውን አምኖ ፍም አጠገብ የሚተኛ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ ሻጭ «ካርቦን ይለካል» ቢላችሁ የትኛውን እንደሆነ ሳታረጋግጡ አትግዙ። ጨው ጣል አድርጉበት፣ ውኃ በጣሳ አጠገቡ አስቀምጡ የሚለው የሰፈር ምክርም ይህን ጋዝ አያስቀረውም። ላቀች ምድጃ ከሰል ይቆጥባል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን እሱም ዋስትና አይሆንም። ያን ማታ ምድጃውን አወጣሁና ለእማዬ ተጨማሪ ጋቢ ደረብኩላት።

ከዚያ ወንድሜን የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ አስላክሁት። ይህ ሌላ ዕቃ ነው፤ ዋጋውም ከመለኪያው በብዙ ያንሳል። ስትገዙ ኢኤን 50291 (EN 50291፣ የአውሮፓ ደረጃ) ወይም ዩኤል 2034 (UL 2034፣ የአሜሪካ ደረጃ) የሚል ምልክት ፈልጉ። በመጀመሪያው ደረጃ መሠረት ጋዙ 100 ፒፒኤም ከሆነ ከ10 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ፣ 300 ከሆነ ደግሞ በ3 ደቂቃ ውስጥ መጮኽ አለበት። መብራት ስለሚጠፋ በባትሪ የሚሠራውን ምረጡ፤ ሴንሰሩ ዕድሜ ስላለው ጀርባው ላይ የተጻፈውን የማብቂያ ዘመን ተመልከቱ።

ለሁለቱ የሚበቃ ገንዘብ የሌለው ሰው፣ ቤቱ ውስጥ ከሰል ካለ፣ ቀድሞ ጠቋሚውን ይግዛ። መለኪያውን ከጎረቤት ተውሶ ጥቂት ቀን ቢያቆየው የቤቱን ጭስ ያውቀዋል፤ የእኛው በግቢው አራቱም ቤት ዞሯል፣ እትዬም ጋኑን ማጠን በነፋስ ሰዓት አድርገውታል። ጠቋሚውን ግን ማዋስ አይቻልም፤ ሰው በተኛበት ክፍል ሌሊቱን ሁሉ ማደር አለበት።