ሁለት ሰው ያቃተተበትን ባትሪ አንድ ልጅ አንጠልጥሎት ወጣ

ከሱቁ ወጥቼ ቀጥታ ቤት ገብቼ ነው ይህን የምጽፈው። እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ባሕር ዳር ውስጥ ለመኪና ጉዞ የሚሆን ባትሪ፣ ሶላር ወይም ኢንቨርተር ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። እኔ 52,000 ብር ነው የተበላሁት። የእቁብ ብር ነው፤ ዕጣው እስኪደርሰኝ ስምንት ወር ጠብቄዋለሁ።

ወንድሜ ዶልፊን ሚኒባስ አለው። የኋላ ወንበሮቹን አውጥተን፣ ከሥሩ ዕቃ የሚይዝ የእንጨት አልጋ አሠርተን፣ ከከተማ ወጣ ብለን ማደር ከጀመርን ቆይተናል። አንድ ጊዜ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ አድረናል፤ ብርዱን ሳልረሳው የሐይቁን ጠዋት ደግሞ እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም። ቀስ በቀስ ነገሩን ተምረነዋል። መሬቱ ዘንበል ያለ ከሆነ ከጎማው ሥር ሳንቃ እናስገባለን፤ መስተካከሉን የምናውቀው ብርጭቆ ውሃ አልጋው ላይ አስቀምጠን ነው። ቧንቧ የተገጠመለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አለን። መስኮቱን ሌሊቱን ሙሉ ጣት በምታህል ከፈት አድርገን አጎበር እንወጥርበታለን፤ ካልሆነ ትንፋሻችን መስታወቱ ላይ ውሃ ሆኖ ይወርድና ጠዋት ብርድ ልብሱ ርሶ ይገኛል። ከሰል የሚቀጣጠለው ውጭ ብቻ ነው፤ የቱንም ያህል ቢበርድ መኪና ውስጥ አይገባም። በተዘጋ ቦታ የከሰል ጭስ ሰው እንደሚገድል ሁላችንም እናውቃለን፤ ብርዱ ሲጠና ግን ሰው ይረሳዋል።

የጎደለን መብራት ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን በባትሪ መብራት ያልፍ ነበር፤ ዘንድሮ ግን የእማዬ ነገር መጣ።

እማዬ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። ምሥራቅ ጎጃም ላለው ለዲማ ጊዮርጊስ ስለት አለባት። ሚያዝያ 23ን እዚያ አክብራ፣ እስከ ግንቦት ልደታ ድረስ አክስቴ ዘንድ ልትቆይ ነበር። አክስቴ ያለችበት መብራት የለም፤ ኢንሱሊኑ ደግሞ ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ያሰብነው እንዲህ ነው፦ ትንሿን የመኪና ፍሪጅ፣ ጣሪያ ላይ ያለውን ባለ 150 ዋት ሶላርና አንድ ጥሩ ባትሪ ይዘን እንሄዳለን፤ ስንመለስ ሁሉንም ለእማዬ ትተንላት እንመጣለን። ፍሪጁና ሶላሩ ነበሩን። የቀረው ባትሪው ነው።

ሚያዝያ 21 ከሰዓት በኋላ ሱቁ ገባን። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። መደርደሪያው ከላይ እስከ ታች አምፖልና ገመድ ነው፤ ፊት ለፊት አንድ መብራት ቀን ከሌት ይበራል፤ ሰውየው በሁለት ስልክ ያወራል፤ ዕቃው ሁሉ «ከዱባይ ወንድሜ የላከልኝ» ነው። ዋጋው መጀመሪያ 60,000 ይባላል፤ ከዚያ «ለአንቺ ብቻ» ይወርዳል። ይህን ሁሉ ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ፤ እያወቅኩ ነው የገባሁት።

ያሸነፈኝ አነጋገሩ ነው። ወረቀት አውጥቶ አሰላልኝ። «200 አምፔር ሰዓት በ12 ቮልት ሲባዛ 2,400 ዋት ሰዓት ነው። ይህ ዓይነት ባትሪ ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሹ በታች አታውርጂው፤ ስለዚህ 1,200 ይዘሻል። ፍሪጅሽ ሲሠራ 50 ዋት ይበላል፤ ጊዜውን ሙሉ አይሠራም፣ ግማሹን ያርፋል፤ በቀን 600 በይው። ፀሐይ ባይወጣ እንኳ ሁለት ቀን ያቆይሻል።» ስሌቱ ልክ ነው። ዛሬ ጠዋትም ደግሜ ሠርቼዋለሁ፤ ልክ ነው። እውነቱን ነው የነገረኝ፤ ያልሰጠኝ ግን እሱን ነው።

ወንድሜና አንድ ወዛደር ባትሪውን ከመደርደሪያው ሥር ስበው አነሱት። ሁለቱም አቃሰቱ። ወንድሜ ሲያስቀምጠው «ኧረ ይሄ ስልሳ ኪሎ አያንስም» አለ፤ እውነት ነው፣ የዚህ ዓይነት ባለ 200 ባትሪ ከ55 እስከ 60 ኪሎ ነው የሚመዝነው። ሰውየው ቮልት የሚለካ ቴስተር አምጥቶ ነካው፤ 12.8 አለ። «ሙሉ ነው፣ ተመልከቺ።»

ወንድሜ ያኔ ነው «ፍሪጁን ከመኪናው ላምጣውና አንድ ሰዓት እንሞክረው» ያለው። መኪናው ያቆምነው ራቅ ብሎ ነበር፤ ፀሐዩም ያቃጥላል። ሰውየው ፊቱ ተለዋወጠ። ለማን እንደምንገዛ፣ የት እንደምንሄድ ቀድሜ ሁሉንም ነግሬዋለሁ፤ ምን አስለፈለፈኝ! እጁን ወደ ሐይቁ ዘርግቶ «እዚህ ያለው ጊዮርጊስ ይየኝ! እናትሽ ለጊዮርጊስ ስለት ልታደርስ እየሄደች እኔ በዚህ ላጭበርብር? ልጆቼን አያሳድጋቸው!» አለ። እኔም ወደ ወንድሜ ዞሬ «ተወው በቃ፣ ምሏል እኮ» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። ወንድሜ ዝም አለ።

«ተርሚናሉን ቅባት ቀብተን፣ በካርቶን አሽገን ከኋላ እናመጣልሻለን። እስከዚያ ቡና ጠጡ» አለ። ባትሪውን ወደ ጓዳ አስገቡት። በረንዳው ላይ ቡና መጣልን፤ ሂሳቡን እሱ ከፈለ። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው።

ከዚያ ልጁ ወጣ። አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን ነው። በሲባጎ የታሰረውን ካርቶን በአንድ እጁ አንጠልጥሎታል። በሌላኛው እጁ ሸንኮራ አገዳ ይመጥጣል።

አየሁት። በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ሁለት ጎልማሳ ያቃተተበትን ዕቃ አንድ ሕፃን እንደ ዘንቢል ይዞት ሲሄድ አይቼ «ጎበዝ ልጅ» ብዬ አሰብኩ። መኪናው ድረስ ተከትዬው ሄድኩ። እሱው ራሱ ከአልጋው ሥር ገፍቶ አስገባልኝ። ሃያ ብር ሰጠሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ያ ሸንኮራ አገዳ ነው።

በነጋታው ሌሊት በአዴትና በሞጣ አድርገን ወረድን። ቀኑን ሶላሩ ስለሚሠራ ፍሪጁ 4 ዲግሪ ላይ ቆሞ ሄደ፤ እማዬም ፍሪጁን እየከፈተች ሁለቱን ያልተነኩ የኢንሱሊን ብልቃጦች ታያቸው ነበር። ዲማ ደርሰን፣ ሰዉ ከየአቅጣጫው ሲጎርፍ፣ ድንኳን ሲተከል፣ ማኅሌቱ ሲጀመር ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ፀሐይ ጠለቀች። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ፍሪጁ ጮኸ። ቮልቱ 10.6 ይላል፤ ባትሪው ባዶ ሆኗል ማለት ነው። ፀሐይ ከጠለቀች ሦስት ሰዓት ያህል ነው እንጂ ሁለት ቀን አልቆየም!

ያን ሌሊት ፍሪጁን በመኪናው ሲጋራ ማቀጣጠያ ሰክተን፣ ወንድሜ በየሰዓቱ ሞተር እያስነሳ አደረ። ሞተሩ ጠፍቶ ብንተወው የመኪናው ባትሪ ይሞትና ጠዋት አይነሳም። ቤንዚኑ ደግሞ ለመመለሻ የተቆጠረ ነው። እማዬ ቅዳሴ ልትቆም የመጣች ሴት ልቧ ፍሪጁ ላይ ሆኖ አነጋች። 52,000ውን ብተወው ይህንን አልተውለትም።

ጠዋት ፀሐይ ወጣች፣ ሶላሩ መሙላት ጀመረ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የሶላሩ መቆጣጠሪያ «ሞልቷል» አለ። ወንድሜ አየኝ፤ አየሁት። ባለ 150 ዋት ሶላር ባዶ የሆነ የ200 አምፔር ሰዓት ባትሪ ቀኑን ሙሉ ቢሠራም አይሞላውም። ባትሪውን ከአልጋው ሥር ሳበው፤ ብቻውን ነው ያነሳው። ሁለታችንም ቃል አልተናገርንም። አክስቴ ሰፈር ካለው ወፍጮ ቤት ወስደን ሚዛን ላይ አስቀመጥነው። 22 ኪሎ።

ኢንሱሊኑን በተመለከተ እግዚአብሔር ይስጣት፣ ጤና ጣቢያ ያገኘናት ነርስ አረጋጋችን። አብዛኛው ኢንሱሊን ከ30 ዲግሪ በላይ በማይሞቅበት ቦታ ከተቀመጠ 28 ቀን ያህል ከፍሪጅ ውጭ ይቆያል አለችን፤ ፀሐይና የቆመ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት ነው የሚገድለው። አክስቴ ደግሞ ትልቅ ማሰሮ አምጥታ ትንሿን ማሰሮ ውስጡ ከተተች፤ በመካከላቸው አሸዋ ሞልታ ውሃ አጠጣችው፤ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍና ነፋስ ከሚመታው ጥላ ሥር አስቀመጠችው። «እኛ ቅቤውን በምን የምናቆይ መሰለሽ?» አለችኝ። እጄን ከትቼ ነካሁት፤ ቀዝቅዟል። እማዬ አሁንም እዚያው ናት፤ ኢንሱሊኗም ማሰሮው ውስጥ ነው። በማግስቱ ጠዋት በስልክ «ደህና ነኝ፣ አትናደጂ» ብላኛለች። እኔ ግን ተናድጃለሁ።

ስንመለስ ቢቸና ላይ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን አሳየነው። እዚህ ላይ ሁለተኛውን ጥፋት ሠራሁ፤ «ክፈተው» አልኩት። ክዳኑን በዊልስ መፍቻ ፈልቅቆ ሲያነሳው ከውስጥ አንዲት አሮጌ የመኪና ማስነሻ ባትሪ ተቀምጣለች፤ ዙሪያዋ በስፖንጅ ተጠቅጥቋል። የመኪና ማስነሻ ባትሪ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ኃይል ሰጥቶ ወዲያው እንዲሞላ ነው የተሠራው፤ ሳህኖቹ ቀጫጭን ናቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ ፍሪጅ ተሸክሞ ሲወርድ ቶሎ ይሞታል። ይቺ ደግሞ ቀድሞም አርጅታለች። ቴስተሩ 12.8 ያለው መጀመሪያ ባነሱት ባትሪ ላይ ነው፤ ይቺን ቢነካትም ግን ምንም ስላልተሰካባት ሙሉ ልትመስል ትችል ነበር፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ አሮጌ ባትሪም ሙሉ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ሱቁ ሄድኩ። ሰውየው የለም፤ «ዕቃ ሊያወርድ ሄዷል» አሉኝ። ሒሳብ የምትቀበለው ልጅ ከስልኳ ቀና አላለችም። ሌላው ሻጭ ደረሰኙን ተቀበለኝና ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ባትሪ። ብዛት፣ አንድ።» ከዚያ «ባትሪ አልወሰድሽም?» አለኝ። ወስጃለሁ አልኩት። «እንግዲያው ምን ጎደለሽ? ሁለት መቶ የሚል የት አለ?» እውነትም የለም። 52,000 ብር ከፍዬ የተቀበልኩት ወረቀት «ባትሪ 1» ብቻ ነው የሚለው። ሲጽፉት ፊቴ ነው የጻፉት።

ካርቶኑን ስከፍትለት «ይሄማ ተፈልቅቋል! የተከፈተ ዕቃ አንቀበልም። ማን ምን እንደከተተበት እኛ በምን እናውቃለን?» አለ። ነገሩን ላስረዳው ስጀምር እጁን አወናጨፈና «የኔ እናት፣ ይሄ ቴክኒካል ነገር ነው፤ ወንድምሽን ወይ ባለቤትሽን ላኪልን፣ ከሱ ጋር እንግባባለን» አለኝ። ሁለት ዲግሪ ይዤ ፊዚክስ የማስተምር ሴት ነኝ። ቮልትና አምፔር ለእሱ ልጆች የማስተምረው እኔ ነኝ። ከኋላ ያለው ደግሞ «መኪና ውስጥ የሚያድሩት ቢቸና አልጋ ጠፍቶ ነው?» አለና ተሳሳቁ።

ልጁም ነበረ። ጥግ ላይ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ገመድ ይጠቀልላል። እሱ ብቻ አልሳቀም። አንገቱን እንደደፋ ቀረ፤ እስክወጣ ድረስ ቀና ብሎ አላየኝም። እሱን አልቀየምኩትም፤ ሃያ ብሩም ይባረክለት።

የምትገዙ ካላችሁ፦ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይም የመረጣችሁትን ራሳችሁ አንስታችሁ ከዓይናችሁ ሳይርቅ መኪናችሁ ውስጥ አስገቡ፤ ወደ ጓዳ የገባ ዕቃ ያው የራሳችሁ ሆኖ አይወጣም። ከመክፈላችሁ በፊት ፍሪጁን ወይም ሌላ ኃይል የሚበላ ዕቃ ሰክታችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት አሠሩት፤ ቴስተር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ደረሰኙ ላይ አምፔር ሰዓቱና በሣጥኑ ላይ ያለው መለያ ቁጥር ይጻፍ። ከተታለላችሁ ደግሞ እንደኔ አትክፈቱት፤ እንደታሸገ ለሚመለከተው አሳዩት።

ነገ ከወንድሜና ከወፍጮ ቤቱ ሚዛን ፎቶ ጋር ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። ባትሪው አሁን በር ላይ ተቀምጧል። ሣጥኑ ግራጫ ነው፤ ክዳኑ ሰማያዊ ሆኖ ጠርዙ ላይ ሁለተኛ ጊዜ የተቀባ ሙጫ አለበት፣ በጥፍር ሲፋቅ እንደ ሰም ይነሳል። እንዲህ ያለ ያያችሁ ካላችሁ እጃችሁን እንዳታስገቡበት።