በ144 ሜጋኸርትዝ ሩቅ ለመድረስ፦ የአየር ቦይ ወይስ የኢ ንብርብር?

በ144 ሜጋኸርትዝ ከአድማስ ባሻገር ለመነጋገር የሚሻ የአማተር ሬዲዮ ባለሙያ በዋናነት ሁለት አጋጣሚዎችን ይጠብቃል። የመጀመሪያው በቀጥታ ከአየር ጠባይ የሚመነጭ ነው፤ ከፍተኛ የአየር ግፊት ሲሰፍን ሞቃትና ደረቅ አየር በባሕር ላይ ባለው ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ላይ ይደረብና፣ ሞገዱ በቦይ እንደሚሄድ ውኃ ተይዞ የምድርን ክብነት ተከትሎ ይጓዛል። ከካሊፎርኒያ እስከ ሃዋይ ያለው 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 በዚህ ባንድ (የሞገድ ክልል) የተሸፈነው በዚሁ መንገድ ነው። እዚህ ላይ የአንቴናው ከፍታ ወሳኝ ነው፤ በሃዋይ የማውና ሎአ ተራራ ተዳፋት የሚመረጠው ጣቢያውን ከቦዩ ጋር በሚስማማ ከፍታ ላይ ለመትከል ስለሚያስችል ነው።

ሁለተኛው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በድንገት የሚፈጠረው የኢ ንብርብር ነው፤ ይህም የሬዲዮ ሞገድን ወደ ምድር የሚመልስ፣ በኤሌክትሪክ የተሞላ የላይኛው አየር ክፍል ነው። በሰሜን ንፍቀ ክበብ በተለይ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ይታያል፤ በአንድ ነጸብራቅ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ያደርሳል፤ አነስተኛ ኃይልና ቀላል አንቴናም ይበቁታል። ሆኖም በ50 ሜጋኸርትዝ የሩቅ ግንኙነትን ደጋግሞ ሲከፍት፣ በ144 ብዙ ጊዜ ለደቂቃዎች ብቻ ይቆያል።

እኔ ቦዩን እመርጣለሁ፤ በአየር ግፊት ካርታ አስቀድሞ ሊገመት የሚችል፣ አንዳንዴም ለቀናት የሚዘልቅ ነውና።