እግራችሁን ለሚያማችሁ ተወዛዋዦች፦ ደሴ ውስጥ አንድ ጎበዝ ፊዚዮቴራፒስት አለ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ሌሎች የባህል ቡድኖችም እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

ደሴ ውስጥ የባህል ውዝዋዜ አሰለጥናለሁ። የወሎ ጭፈራ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ትከሻን ነው። የራያን ጭፈራ የሞከረ ግን እግር ምን ያህል እንደሚለፋ ያውቃል። ዝላዩ አለ፣ መሬት መምታቱ አለ፣ ያውም እየደጋገሙ።

የበዓል ዝግጅት ደርሶ ልምምዱ በበረታበት ሰሞን ከልጆቻችን አንዷን ቅልጥሟን ያማት ጀመር። መጀመሪያ ከልምምድ በኋላ ብቻ ነበር። እየቆየ ደረጃ ስትወጣም፣ ሌሊት ተኝታም ይጠዘጥዛት ጀመር። አንድ ክሊኒክ ራጅ አንስተው «ምንም የለብሽም» አሏት። ዘመድ ደግሞ ወጌሻ ጋ ሄዳ ትታሽ አለ።

እኛ ግን በሰው ጥቆማ ፊዚዮቴራፒስቱ ጋ ወሰድናት። ከመንካቱ በፊት ጠየቀ። በቀን ስንት ሰዓት? በባዶ እግር ወይስ በጫማ? ወለሉ ምንድን ነው? ከዚያ አጥንቷን በአውራ ጣቱ እየተጫነ ወረደ። ሕመሙ በቅልጥሙ ርዝመት ከተዘረጋ አንድ ነገር ነው፣ አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ከጠዘጠዘ ግን ሌላ ነው አለን። የእሷ አንድ ቦታ ላይ ነበር። ስትረስ ፍራክቸር ጠረጠረ። ይህ በአንድ አደጋ የሚመጣ ስብራት አይደለም። አጥንት ራሱን ሳይጠግን ምቱ ሲደጋገምበት ቀስ በቀስ ይሰነጠቃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። መታሸቱን ከለከለና ወደ አጥንት ሐኪም ላካት። በኋላ በተነሳው ራጅ ስንጥቁ ታየ።

የስፔን ፍላሜንኮ፣ የአየርላንድ ጭፈራና የአሜሪካ ታፕ የሚጨፍሩትም በእንዲህ ያለ ጉዳት እንደሚቸገሩ ነገረን። እውነት ለመናገር ይህን መስማቷ ልጅቷን በጣም አጽናናት።

እኔን የማረከኝ «ጭፈራ ተዪ» አለማለቱ ነው። እንዲህ ያለው ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። እግሯ አረፈ። ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ግን እስክስታዋን ትሠራ ነበር! ሐኪሙ ሲፈቅድ ባቷን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ጀመረች፤ ተረከዟን ቀስ ብላ እያነሳች እያወረደች። ከዚያ ትንንሽ ዝላይ። በማግስቱ ካመማት አንድ ደረጃ ወደ ኋላ።

ፊዚዮቴራፒስቱ ስለ ምግብና ስለ ወር አበባም መጠየቅ አለበት አለ። ጥያቄውን ግን ለሴት ባልደረባው ተወላት። በቂ የማትበላ ልጅ የወር አበባዋ ሊዛባ፣ አጥንቷም ሊደክም ይችላል። ለአሰልጣኞች በሙሉ ይህን አደራ እላለሁ፤ በተለይ በጾም ወራት ለሚያለማምዱ።

አዳራሻችንም ድረስ መጣ፣ ማንም ሳይጠራው። ወለሉ ሲሚንቶ ላይ የተነጠፈ ሴራሚክ ነው። ስስ ምንጣፍ ድምፁን ያፍናል እንጂ ምቱን ብዙም አይቀንስም አለን። ከሥሩ ክፍተት ያለው የእንጨት ወለል ግን ትንሽ ስለሚረግብ ጫናውን ይጋራል። አሁን አናጺ ባሠራነው የእንጨት መድረክ ላይ ነው የምንለማመደው። ልጅቷም አብራን አለች።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እጅህ ይባረክ።

ስሙን እንዳልለጥፍ ስለለመነኝ ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ክፍያው ለተማሪም አይከብድም። ከኮምቦልቻ የምትመጡ ቀድማችሁ ደውሉ፤ ከሰዓት በኋላ ወረፋ ይበዛበታል።