ዊኪሚዲያ ኮመንስ፦ ፎቶውም የባለቤቱም ስም በአንድ ቦታ

ለጽሑፋችሁ ፎቶ ከፈለጋችሁ ዊኪሚዲያ ኮመንስ የሚባለውን የነጻ ፎቶዎች ድረ ገጽ ሞክሩት። እንደ ፈረንጆቹ በ2004 ነው የተጀመረው፣ አሁን ከ100 ሚሊዮን በላይ ፋይል አለው።

እኔ የምወድለት ግን ብዛቱን አይደለም። እያንዳንዱ ፎቶ የራሱ ገጽ አለው፤ ማን እንዳነሳው፣ መቼ እንደተነሳ፣ በምን ፈቃድ እንደተለቀቀ እዚያው ተጽፏል። ማውረጃውን ስትጫኑ ደግሞ ከፎቶው ስር የሚገባውን የባለቤቱን ስምና የፈቃዱን ዓይነት አዘጋጅቶ ይሰጣችኋል፣ የእናንተ ሥራ ኮፒ ፔስት ብቻ ነው። እባካችሁ «ፎቶ፦ ከጎግል» ብላችሁ አትለፉት። ጎግል ፎቶውን አሳያችሁ እንጂ አላነሳውም።

ፈቃዱን ሳታነቡ አትውሰዱ። ሲሲ ዜሮ (CC0) የሚባለው፣ ባለቤቱ መብቱን የተወበት ፈቃድ ከሆነ እንደፈለጋችሁ ተጠቀሙበት። ሲሲ ባይ (CC BY) የሚባለው ፈቃድ ከሆነ ስም መጥቀስ ግዴታ ነው፤ ቆርጣችሁት ወይም ቀለሙን ነካክታችሁት ከሆነም መቀየራችሁን መጻፍ አለባችሁ።

ጉድለቱ ፍለጋው ነው፣ ያደክማል። ጥራቱም አንድ ዓይነት አይደለም። አንስፕላሽ የሚባለው ሌላ የነጻ ፎቶ ድረ ገጽ ላይ ያሉት በጣም ያምራሉ፣ ስም ጥቀሱ ብሎም አያስገድድም፤ እኔ ግን እዚያም እጠቅሳለሁ። ፎቶው ላይ የሰው ፊት በግልጽ ከታየና ለማስታወቂያ ልታውሉት ካሰባችሁ፣ የፎቶ አንሺው ፈቃድ ብቻውን ላይበቃ ይችላል።