የኪያምቡው የኪኩዩ ግቢ፦ እሳት የሚነድበት ጎጆ እና ሱቅ የሆነው ጎጆ

ከናይሮቢ በማታቱ፣ ማለትም በኬንያ የሕዝብ ሚኒባስ፣ ወደ ኪያምቡ ወጥታችሁ፣ የቡናውን ማሳ አልፋችሁ የምታገኙትን ይህን የባህል ማዕከል የእናቲቱን ጎጆ ለማየት ብቻ እንኳ ብትሄዱ አይቆጫችሁም። የቀረውን ግን ባለቤቶቹ ቆም ብለው ሊያስቡበት ይገባል።

ግቢው የተሠራው ከኬንያ ሕዝቦች አንዱ የሆነው የኪኩዩ ሕዝብ የድሮ አባወራ ከነቤተሰቡ ይኖርበት በነበረው አኳኋን ነው። ከበሩ ውጭ ወንዶች እሳት አንድደው የሚጨዋወቱበት ደጅ አለ። ከውስጥ ዚንጊራ የሚባለው የአባወራው ጎጆ ለብቻው ይቆማል፤ እያንዳንዷ ሚስት ደግሞ ኞምባ የሚባል የራሷ ጎጆ እና የራሷ ጎተራ አላት። ጎተራው የሚታዘዘው ለእሷ ነው፤ ባል ቢሆንም እንደፈለገ ገብቶ እህል አያወጣም።

እኔን ያስጎበኙኝ ጎብኚው ሁሉ «ሾሾ» (አያቴ) እያለ የሚጠራቸው አሮጊት ናቸው። የኞምባው በር ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ሳይባል አይገባም፤ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድም ጥቂት ይቆያል። ከዚያ መሃሉ ላይ ሦስቱ ጉልቻዎች ብቅ ይላሉ። ከበላያቸው ኢታራ የሚሉት የማገዶ ማድረቂያ ቆጥ ተንጠልጥሏል። በአንድ ወገን የእናት መኝታ፣ በሌላው የልጃገረዶች መኝታ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የሚሰባ በግ የሚታሰርበት ጠባብ ጋጣ አለ። የጣሪያው ሣር ከውስጥ በኩል በጥላሸት ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ሾሾ ጭራሮ ሰብረው እሳቱን ቆሰቆሱና «ልጄ፣ ይህን ቤት የሚጠብቀው ጭሱ ነው። እሳት ካልነደደበት ሣሩን ተባይ ይበላዋል» አሉኝ። ከጽሑፍ የማይገኝ ትምህርት ማለት ይህ ነው።

የአሠራሩንም ነገር እዚያው እሳቱ ዳር ተቀምጠው አጫወቱኝ። ጎጆ የሚቆመው በደቦ ነው፤ ወንዶች እንጨት ቆርጠው ያቆማሉ፣ ሴቶች የክዳን ሣር አጭደው ያመጣሉ። ሥራው በተጀመረበት ቀን ማለቅ፣ እሳትም በዚያው ቀን መግባት አለበት፤ ቤቱ ባዶውን ካደረ ክፉ መንፈስ ቀድሞ ይገባበታል ተብሎ ይታመን ነበር። እሳቱ ከቀድሞው ቤት ተጭሮ ይመጣል እንጂ እንደ አዲስ አይለኮስም። ኪኩዩዎች ዘራቸውን ከመጀመሪያዎቹ አባትና እናት፣ ከጊኩዩና ከሙምቢ፣ ሲቆጥሩ ጎሳዎቻቸውን የሚጠሩት በሴቶች ልጆቻቸው ስም ነው፤ ሕዝቡም ራሱን የሙምቢ ቤት ይላል። ሾሾ ይህን ሲናገሩ እጃቸውን በጉልቻው ላይ አሳርፈው ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ዚንጊራውን የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫ አድርገውታል። ጨሌና የቁልፍ መያዣ በግድግዳው ተሰቅሏል፤ አባወራው ሊቀመጥበት በሚገባው ቦታ የለስላሳ መጠጥ ማቀዝቀዣ ቆሟል። አባት እንግዳ የሚቀበለው፣ ሽማግሌዎች ነገር የሚያዩት፣ ወንድ ልጅ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ የመሬቱን ድንበርና የዘሩን ሐረግ የሚማረው በዚንጊራው ነበር። ሱቁ ገንዘብ ማስገባቱ አይከፋኝም፤ ነገር ግን ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ሰፊ ቦታ አለ።

ከዚህ የባሰው የታሪኩ መጉደል ነው። እንዲህ ያለ ግቢ ለምን ጠፋ ብሎ ለሚጠይቅ ጎብኚ የተለጠፈው ጽሑፍ «ዘመናዊ ኑሮ ተክቶታል» ብሎ ያልፋል። ቆርቆሮና ትምህርት ቤት የየራሳቸው ድርሻ እንዳላቸው አልክድም። ሆኖም የእንግሊዝ ቅኝ ገዢ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1952 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካወጀ በኋላ፣ በቅኝ አገዛዙ ላይ ያመፁትን የማው ማው ታጋዮች ከሕዝቡ ለመነጠል ሲል ከ1954 አጋማሽ ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው፣ አብዛኛው ኪኩዩ፣ ከየግቢው ነቅሎ ወደ 800 በሚጠጉ መንደሮች አጎረ። ብዙ ጎጆዎች ተቃጠሉ። አዲሶቹ ቤቶች በመስመር ተደርድረው፣ ሹል እንጨት በተተከለበት ቦይና በሽቦ ታጠሩ። ብዙ ወንዶች በእስር ካምፕ ስለነበሩ ጎጆውን የሠሩትም ቦዩን የቆፈሩትም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ይህን ያላወቀ ጎብኚ ኪኩዩዎች ጎጆአቸውን በገዛ ፈቃዳቸው የተዉት መስሎት ይመለሳል። ለአንድ ገጽ ጽሑፍ የሚሆን ቦታ ከሾሾ ጎጆ ፊት ለፊት አለ።

ምሳው ሙኪሞ ነው፤ ድንቹና በቆሎው ከቅጠሉ ጋር በደንብ ተዋህዶ ትኩሱን ይቀርባል። ክፍያ በኤም-ፔሳ፣ ማለትም በሞባይል ገንዘብ፣ ይቻላል።

በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ፤ ቅዳሜ ተማሪዎች በአውቶቡስ ስለሚመጡ ጎጆዋ ውስጥ መቀመጫ አይገኝም። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሾሾ መግባታቸውን ጠይቁ፤ ወጣቶቹ አስጎብኚዎች እሳት አያነዱም፣ ከበር ላይ ሆነው አስረድተው ያልፋሉ። ስትወጡም የአስተያየት መዝገብ አለ፤ ስለ ዚንጊራው እኔ ጽፌአለሁ፣ እናንተም ጻፉ።