ሜታሊካ ወይስ ስሌየር?

እ.ኤ.አ. በ1986 ሁለቱም የካሊፎርኒያ ሄቪ ሜታል (ከባድ ሮክ) ባንዶች ሦስተኛ አልበማቸውን አወጡ። የስሌየሩ «ሬን ኢን ብለድ» 10 ዘፈኖቹን በ29 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል። ፍጥነት ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የዴቭ ሎምባርዶ ከበሮ ትንፋሽ ያሳጥራል።

እኔ ግን ልቤ ያለው የሜታሊካው «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ» ጋ ነው። 8 ዘፈን ብቻ ነው፤ ግን 54 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። ለዜማ ጊዜ ይሰጣል። «ኦራየን» የሚባለውን፣ ድምፃዊ የሌለበትን ሙዚቃ ስሙት። መሃል ላይ ሁሉም ረገብ ይልና የክሊፍ በርተን ቤዝ ጊታር ብቻውን ይቀራል። ከዚያ ጊታሮቹ ቀስ ብለው ይከተሉታል። እዚያ ጋ ስደርስ ሁሌም ሆዴ ይባባል። ክሊፍ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ፣ ስዊድን ውስጥ በአውቶቡስ አደጋ ሞተ። ገና 24 ዓመቱ ነበር።